ወይዘሮ እትዬ ይፈለጋሉ

ይድረስ ለምወድሽ፣ ስትስቂ አብሬሽ ለምስቀው፣ ስትቆጪ ግን ዛሬም እንደ ልጅነቴ መግቢያ ለሚጠፋኝ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ጨጓራሽስ ተወሽ ወይስ አሁንም ቁርስ ሳትቀምሺ ነው እየሮጥሽ ሥራ የምትገቢው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ፣ ሞተሩ አንድ እግር ጫማውን ፍተሻው ላይ ጥሎ በካልሲ ይሮጣል። መቼም ትልቁን ወንድ ልጄን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ አምስት ዓመቱ ነው፣ ከተወለደ ጀምሮ አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ትንሹ ዱባ ደግሞ ትከሻዬ ላይ አስመልሶብኝ እዚያው ላዬ ላይ ተኝቷል። እኔን ያየ ሰው ከአውሮፕላን ሳይሆን ከመኪና አደጋ የወጣሁ ነው የሚመስለው። ከዚህ በቀር ደህና ነን።

ዳኛዋም ደህና ናት። ያንን ቢጫ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እግሮቿን ገጥማ አጠገቤ ተቀምጣለች። በዚህ ሁሉ ወንበር ላይ እንደ ሰው የተቀመጠች እሷ ብቻ ናት።

የምጽፍበት ወረቀት ከሞተሩ የስዕል ደብተር የተገነጠለ ነው። ጀርባው ላይ ብዙ እግር ያለው ነገር ብታዪ አውሮፕላን ነው፣ አትሳቂ። አንቺ መቼም «በስልክ ስንት ነገር እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው?» ትያለሽ። እትዬ፣ ሰሞኑን በስልክ ያወራነው ስለ ፈቃድ፣ ስለ ቲኬትና ስለ ሻንጣ ክብደት ነው። የልቤን ልነግርሽ ስል ወይ መስመሩ ይቆረጣል ወይ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ካለቀስሽ ደግሞ እኔ ምን ቀረኝ? ወረቀት አያለቅስብኝም ብዬ ነው።

ይሄ አውሮፕላን የምንቀይርበት ኤርፖርት እንዴት ያለ ነገር መሰለሽ! ሕንጻ ነው ብለሽ ትገቢያለሽ፣ ውስጡ ባቡር ይሄዳል። ኧረ በፈጠረሽ፣ ቤት ውስጥ ባቡር! ወለሉ ራሱ ይሄዳል፤ ሰው ቆሞ ይወሰዳል። ፍተሻው ላይ የዱባን ጡጦ ከፍተው አሸተቱና አንቺ ራስሽ ቅመሺው አሉኝ፤ ቀዝቃዛ ወተት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተጎነጨሁልሽ። የክር መቀሴን ደግሞ ከእጅ ቦርሳዬ አውጥተው ወሰዱብኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ በዚች የጣቴን ጥፍር በምታህል መቀስ ማንን ልወጋ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! መርፌዬን ግን ኮሌታዬ ላይ ሰክቻት ስለነበር አላዩአትም።

ሞተሩ ያችን የምትሄድ ወለል ካገኘ በኋላ ቀልቡን ሳተ። በተቃራኒው እየሮጠ አንድ ሽማግሌ ከነሻንጣቸው ሊጥላቸው ነበር። እኔ ዱባን በአንድ ክንዴ፣ ቦርሳዎቹን በሌላው ይዤ «ና! ኧረ ና አንተ ልጅ!» እያልኩ ስጮህ ሰው ሁሉ ያየኛል። ዳኛዋ ሄዳ በጆሮው አንድ ነገር አለችው፣ ድመት ሆኖ መጣ። ምን ብለሽው ነው ብላት፣ «ወለሉ ጫፍ ሲደርስ ጣት ይበላል አልኩት» አለችኝ። አየሽ፣ ዳኛዋ ያልናት በከንቱ አይደለም። ወንዶቹ በተጣሉ ቁጥር ከሳሽና ተከሳሽን ሰምታ የምትፈርደው እሷ ናት። እኔንም አትምረኝም። ባለፈው የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጠቦብኝ «ወፍረሽ ነው እኮ» ብዬ ላሳምናት ስል፣ «እማ፣ አንቺ ነሽ ያጠበብሽው» ብላ በሰው ፊት አዋረደችኝ። ያቺ ደንበኛ እስከ ዛሬ ተመልሳ አልመጣችም።

እንግዲህ መንገዳችን የሚለያየው ከዚህ ነው። እኔና ወንዶቹ ማምሻውን ወደ አባታቸው እንሄዳለን። ዳኛዋ ከእኛ በፊት፣ ከሰዓት፣ ብቻዋን ወደ አንቺ ትበራለች። ብቻቸውን የሚሄዱ ሕፃናትን የምትረከብ አንዲት ሆስተስ አለች፤ ሰማያዊ ሻርፕ ያሰረች፣ ሳቂታ ነገር። ጠዋት እንደደረስን አንገቷ ላይ ካርድ አንጠለጠለችላትና መሳፈር ሲጀመር በሩ ላይ አምጡልኝ፣ እዚያ እረከባታለሁ ብላን ሄደች። ይህንንም የተረጎመችልኝ ራሷ ዳኛዋ ናት፣ ቋንቋውን በትምህርት ቤት ይዛዋለች። በሩ ከዚህ ሩቅ ነው፣ በባቡሩ ነው የሚኬደው። የመግቢያ ፈቃዷ ዛሬ እንደሚያበቃም አውቃለሁ። ዛሬ ካልገባች ያ ሁሉ ዓመት የለፋሽበት ነገር ተመልሶ ከሀ ነው የሚጀመረው። በደወልሽ ቁጥር ነግረሽኛል። አውቃለሁ እትዬ፣ አልረሳሁም።

ሰዓቱ ገና ነው። ስልኬን ባትሪ እንዳይጨርስብኝ አጥፍቼዋለሁ፤ ደውለሽ ካጣሽኝ በዚህ ነውና አትደንግጪ። የበረራ ሰሌዳው ከጀርባችን ነው። ወደዚህ ዞሬ የተቀመጥኩት መብራቱ ዱባን እንዳይቀሰቅስብኝ ብዬ ነው። ዳኛዋ ግን አንገቷ እስኪጣመም እየዞረች ታያለች። አልደረሰም ወይ እማ ትለኛለች፣ ገና ነው እላታለሁ። ደግሞ ትዞራለች።

የልቤን ልንገርሽ አይደል ያልኩሽ? ተቀይሜሻለሁ እትዬ። ይኸው ወጣልኝ።

ስትሄጂ ገና በደረቷ የምትሳብ ነበረች። ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ ቆመሽ «ጥቂት ጊዜ ነው፣ እንደ ልጅሽ ያዢልኝ» አልሽኝ። እኔ ያኔ አላገባሁ፣ ልጅ እንዴት እንደሚታጠብ አላውቅ። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ እየገባ እሷም እኔም አብረን እናለቅስ ነበር። እንደ ልጅሽ ያዢልኝ አልሽኝ፣ እንደ ልጄ ያዝኳት። አፏን ስትፈታ እማ ያለችው እኔን ነው። ማን አስተማራት? ማንም! ቤት ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኛ። አንቺን ደግሞ እኔ በስልክ እትዬ ስልሽ ሰምታ እሷም እትዬ አለችሽ። ያን ቀን እንዴት እንደሳቅሽ ትዝ ይልሻል? «እናቷን እትዬ የምትል ልጅ አየሽልኝ!» ብለሽ ሳቅሽ፣ ሳቅሽ። ከዚያ «ተያት፣ አታርሚያት። እኔ ጋ ስትመጣ ራሴ ዓይኗን እያየሁ እነግራታለሁ። አንቺ እንዳትነግሪያት፣ በሞቴ» አልሽኝ። በሞቴ ካልሽኝ በኋላ እኔ ምን አፍ አለኝ?

ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት አፌን ለጉሜ ተቀመጥኩ። ለሷ እኔ እማ ነኝ፣ አንቺ እትዬ ነሽ፣ በቃ። ወዴት ነው የምትሄጂው ብለው ሲጠይቋት «እትዬ ጋ፣ እዚያ ልማር» ትላለች። አሁን ግን ቀኑ ደረሰ። አንቺ እዚያ አቅፈሻት እናትሽ እኔ ነኝ ስትያት፣ ልጄን መሬት ነው የሚከዳት። እማስ ታዲያ ማን ናት ብትልሽ ምን ልትመልሺላት ነው? ዋሽታኛለች ብላ እስከ ዕድሜ ልኳ ብትቀየመኝስ? እኔ እዚያ የለሁ፣ ላስረዳት አልችል፤ አንቺ እያለቀስሽ፣ እሷ እያለቀሰች፣ እኔ ከወንዶቹ ጋር ሌላ አገር። እትዬ፣ ልጅቷን ለኔ ሰጥተሽ እውነቱን ለራስሽ አስቀረሽ። ተቀየምኩሽ የምልሽ ይህንን ነው።

ከፊት ለፊታችን የሕፃናት መጫወቻ አለ። ቅድም ሦስቱም ገብተው ሲንሸራተቱ፣ ዱባን ከመሐል አድርገው ሲወርዱ፣ ያቺ ቁምነገረኛ እንኳን ጥርሷ እስከ ድዷ ድረስ ሲታይ፣ ምናለ እዚህ ብንቀር አልኩ። እዚሁ ኤርፖርት ውስጥ፣ እዚያ ጥግ ላይ ማሽኔን ዘርግቼ፣ የመንገደኛ ሱሪ እያሳጠርኩ። ከዚያ በራሴ ሳቅሁ። ሞተሩ ምን ሆነሽ ነው ቢለኝ ምንም አልኩት።

ኤጭ፣ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ጀመረ። አያርፉም እኮ! ለኔ ከሚለፈልፉት ውስጥ አንድ ሁለት ቃል ቢገባኝ ነው። አሁን ደግሞ ወይዘሮ ኢቲያ የምትባል ሴት ነው የሚፈልጉት። ምን ዓይነት ስም ነው በይኝ! ሞተሩ ኢቲያ፣ ኢቲያ እያለ በካልሲው ይጨፍራል። ሴትየዋ የትም ብትሆን ጆሮ የላትም፣ ደጋግመው ነው የሚጠሯት። ቆይ ምን እያሉ እንደሆነ ዳኛዋን ልጠይ

—

እትዬ፣ ተመልሻለሁ። ዱባን ጭኔ ላይ ይዤ ስለምጽፍ ጽሕፈቴን ታግሰሽ አንብቢልኝ።

መጀመሪያ ይህን ልንገርሽና ተንፍሺ፤ ልጅቷ አለች፣ ደህና ናት፣ እኛም የመሳፈሪያው በር ላይ ደርሰናል። አውሮፕላኗ በመስታወቱ ይታየኛል። አሁን የሆነውን ልንገርሽ።

ዳኛዋን ልጠይቃት ቀና ስል ወንበሯ ባዶ ነው። ቦርሳዋም የለም። ክው አልኩልሽ። ሞተሩን የት ሄደች ብዬ ብይዘው ትከሻውን ነቅንቆ «ሰሌዳውን አይታ ሄደች» አለኝ። ታዲያ ለምን አትነግረኝም ብዬ ብጮህበት፣ «አንቺ እየጻፍሽ ነበራ!» ብሎ እሱም ጮኸብኝ። ዱባን አንጠልጥዬ፣ ሞተሩን እየጎተትኩ፣ ቦርሳዎቹን እዚያው ትቼ ሮጥኩ። መጫወቻው ውስጥ የለችም። ሽንት ቤት የለችም። በሮቹን አንድ በአንድ እየደበደብኩ ስሟን ስጠራ ሴቶቹ እብድ መጣች ብለው ቦርሳቸውን ያቅፋሉ። ቢጫ ነገር ባየሁ ቁጥር ወደዚያ እሮጣለሁ። አንዲት ቢጫ የለበሰች ልጅ ክንዷን ይዤ ሳዞራት የሰው ልጅ ሆና አረፈችው፤ እናትየዋ የሰደበችኝን ስላልገባኝ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

በዚህ መሐል ያ ድምፅ ማጉያ እንደገና ወይዘሮ ኢቲያ አለ። ቢጫ ሹራብም አለ፤ ይህቺን ቃል አውቃታለሁ፣ ዳኛዋ ቀለማትን ስታጠና ሰምቻለሁ። ባለሁበት ቆምኩ። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው በጋሪው ቁርጭምጭሚቴን ገጨኝ፣ አልተሰማኝም። ኢቲያ። ኢቲዬ። እትዬ!

አንቺን ነው የሚጠሩሽ! ያንን ሁሉ ሕዝብ፣ ያንን ሁሉ ቋንቋ አቋርጠው፣ ወይዘሮ ጨምረውልሽ፣ አንቺን ነው የሚፈልጉት። ስም እንኳን ያልሆነውን፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራሽን ያንን ቃል፣ እንደ ሰው ስም በድምፅ ማጉያ ለፈፉት። እዚያው መሐል መንገድ ላይ አሳቀኝም አስለቀሰኝም። ሞተሩ «እማ ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «እትዬን እየፈለጓት ነው» አልኩት። «እሷ እኮ እዚህ የለችም» አለኝ። እውነቱን ነው።

መረጃ መስጫው ጋ ስንደርስ ዳኛዋ ከፍ ያለ ወንበር ላይ እግሯን ገጥማ ተቀምጣለች። ብስኩት ሰጥተዋታል፣ አልነካችውም። ልጮህባት አስቤ ነበር፣ እግዜር ያውቃል እጄንም አንስቼ ነበር፤ ስደርስ ግን አቅፌያት ቀረሁ። እሷ በትከሻዬ ላይ አሻግራ «ቦርሳዎቹስ?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሌዳው ላይ የሷ በረራ መሳፈር ጀምሯል ይላል፤ እኔ ግን ቀና ሳልል ገና ነው እላታለሁ። እየጻፍኩ ስለሆነ ላትረብሸኝ ብላ መንገዱን ልትጠይቅልን ራሷ ሄደች። መረጃ መስጫው ላይ ያለችው ሴት ካርዱን አንገቷ ላይ አይታ ወዴት ነው የምትሄጂው አለቻት። እናቴ ጋ አለች። እናትሽ ማን ትባላለች ስትላት እትዬ አለች። ሴትየዋም እናትየዋ እዚሁ ውስጥ የጠፋች መስሏት ማይክሮፎኗን አነሳች።

ይህን ስትነግረኝ እኔ የሰማሁት አንዱን ቃል ብቻ ነው። «ማን ጋ ነው ያልሻት?» አልኳት። «እናቴ ጋ።» «ማናት እናትሽ?» እትዬ፣ ያቺን ቀሚስ አንቺ ነሽ ያጠበብሽው ስትለኝ ያየችኝን አስተያየት አየችኝ። «እናቴ እትዬ ናት። አንቺ እማ ነሽ» አለችኝ፤ በር በር ነው፣ መስኮት መስኮት ነው እንደሚል ሰው።

ማን ነገረሽ አልኳት። ማንም አለች። ታዲያ በምን አወቅሽ ብላት እንዲህ አለችኝ፦ «ሌሎቹ አክስቶች ሲደውሉ ስንተኛ ወጣሽ ነው የሚሉኝ። እትዬ ግን ምን በላሽ ነው የምትለኝ። ሁልጊዜ። ከዚያ ሌላስ ትላለች፣ ከዚያ ጠገብሽ ትላለች። አንቺም ከትምህርት ቤት ስመጣ መጀመሪያ የምትይኝ እሱን ነው።» ሌሎቹ አክስቶች የምትላቸው የባለቤቴን እህቶች ነው። መቼም እውነቷን ነው፣ ስንተኛ ወጣሽ ሳይሉ ስልክ አይዘጉም።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አንቺም አልነገርሽኝማ! ምስጢርሽ መስሎኝ ጠበቅሁልሽ» አለችኝ። እትዬ፣ እኔ አንቺን ስጠብቅ፣ አንቺ እሷን ስትጠብቂ፣ ይቺ ደግሞ ሁለታችንንም ተሸክማ ስትጠብቅ ኖራለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ ተነፋረቅሁ። ሴትየዋ ምን እንደሆንኩ ሳይገባት መሐረብ ሰጠችኝ፤ ምስኪን፣ ወይዘሮ እትዬ በመገኘቷ ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ ሩጫ ነው። ቦርሳዎቹን ካሉበት አንስተን ባቡሩ ላይ ዘለልን። ሁሉም ቆሟል፣ ዱባ ተነስቶ ያለቅሳል፣ እኔ ጸጉሬ ተበትኖ ምን እንደምመስል አላውቅም። ዳኛዋ እጄን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። «እማ፣ ሌላ ጊዜ ከሰሌዳው ፊት ለፊት እንቀመጥ፣ እሺ?» አለችኝ። መብራቱ እኮ ዱባን፣ ብዬ ጀምሬ ተውኩት። እሺ አልኳት። ፈረደችልኝ ይሁን ፈረደችብኝ እንጃ፣ እጄን ግን እስክንወርድ አልለቀቀችም።

ሆስተሷ ከሩቅ ስታየን ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ለጥቂት ነው የደረሳችሁት ማለቷ ነው፣ ይሄኛው መተርጎም አላስፈለገውም። ሰልፉ እስኪያልቅ ከእኛ ጋር እንድትቀመጥ ፈቀደችልን። ሞተሩ ዝም ብሎ እንዲቀመጥልኝ ስልኬን ከፍቼ ሰጠሁት፤ ካርቱን እያየ ነው፣ ድምፁን እስከ ጫፍ ለቅቆታል። ስከፍተው የደወልሽው ሁሉ ተደርድሮ ጠበቀኝ። በር ላይ ነን ብዬ መልእክት ልኬልሻለሁ። ዳኛዋ ባትሪ ይጨርሳል ያልኩትን ስልክ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔም ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ።

የሹራቧ የላይኛው ቁልፍ ላልቶ ነበር። መቼም ሰው ያየኛል አላልኩም፣ መርፌዬን ከኮሌታዬ አውጥቼ እዚያው አጠበቅሁላት። መቀስ የለኝም፣ ወስደውብኛል። አንገቷ ሥር ገብቼ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ያንን ጠረኗን ታውቂው ይሆን? አንቺ የተውሻት የወተት ጠረን ይዛ ነው፤ አሁን የእርሳስና የሳሙና ሆናለች። ትለምጂዋለሽ።

ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ቀሚስ ጫፉ ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ ታጥፏል። ቁመቷ ሲጨምር አንዱን እጥፋት ፍቺላት፣ ከዚያ ሌላውን። ማሽን የለኝም ብለሽ አትጨነቂ፤ ሲፈታ እንዲመችሽ ብዬ በእጄ ነው የሰፋሁት፣ ክሩን ብትመዢው ይለቃል። እሺ እሺ ካለችሽ ተጠንቀቂ፣ ስትናደድ ነው እንደዚያ የምትለው። ስትዋሺያት ደግሞ ዝም ብላ ነው የምታይሽ፤ ያኔ ቶሎ ብለሽ እውነቱን ተናገሪ፣ ሌላ መውጫ የለሽም። እኔ ሞክሬዋለሁ።

ዓይኗን እያየሁ እነግራታለሁ ብለሽ ስትለማመጂው የኖርሽው ንግግር ካለ ተይው እትዬ። ምን በላሽ ብቻ በያት፣ ይበቃታል። እትዬ ብላ ብትጠራሽም አይክፋሽ፤ ለሷ እትዬ ማለት እናት ማለት ነው። እማ የሚለውን ግን ትተይልኛለሽ? አላስገድድሽም። ከፈለግሽ ውሰጂው፣ አልቀየምሽም። ውሸቴን ነው፣ እቀየማለሁ፤ ግን ውሰጂው።

ቅድም ተቀየምኩሽ ያልኩትን አልሰርዘውም፣ ወረቀት አልቆብኛል። እያለፍሽ አንብቢው።

ሰልፉ አለቀ። ባለ ሰማያዊ ሻርፗ መጥታ እጇን ዘርግታለች፣ ልጅሽም ቦርሳዋን አንግታ ቆማለች። ሞተሩ ካርቱኑን ትቶ እግሯ ላይ ተጠምጥሟል፤ በጆሮው አንድ ነገር እያለችው ነው። ምን እንዳለችው አልጠይቅም።

ፈጣሪ መንገዷን የሰላም ያድርግላት፣ አንቺንም ለወግ ለማዕረጓ ያብቃሽ፣ ጨጓራሽንም ይማርልሽ፤ እንግዲህ ጠዋት ጠዋት አብራሽ የምትበላ አግኝተሻል። እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ስደውል አትስጊ፣ ምን በላሽ አልላትም፣ እሱን ለአንቺ ትቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስንተኛ ወጣሽ ብዬ የምጠይቃት እኔ ነኝ።

የምትወድሽ፣
የልጅሽ አክስት

ይህን ሳልጽፍ አሽጌ ቦርሳዋ ውስጥ ልከተው ነበር፦ ብትጠይቂያት በልቻለሁ ትልሻለች እንጂ ከጠዋት ጀምሮ አፏ የገባው ግማሽ ሙዝ ብቻ ነው።